የጉባኤዎቻችን ሚዛን፦ ማን ተጠራ? ማን ከፈለ? ምን ቀረ?

የሙያ ማኅበራት ዓመታዊ ጉባኤ የሚካሄድበት ወቅት ሲቃረብ ሁላችንም የምናውቃቸው ዝግጅቶች ይጀመራሉ። አዳራሽ ይያዛል፤ መሪ ቃል ይመረጣል፤ ባነር ይሠራል፤ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይታተማል፤ የክብር እንግዳ ይጋበዛል። ጉባኤው ሲጠናቀቅም የተሳታፊው ቁጥር፣ የቀረቡት ጥናቶች ብዛትና ለስፖንሰሮች የተሰጠው ምስጋና በሪፖርቱ ላይ ይሰፍራል። በሪፖርቱ ላይ የማይሰፍረው ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ቁም ነገር ያለው ነው። በአዳራሹ ውስጥ ያልተገኙት እነማን ናቸው? ወጪውን የሸፈነው ወገን በምላሹ ምን አገኘ? ከስድስት ወር በኋላ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ምን ተለወጠ?

እኛ የሕክምና ባለሙያዎች በጥናት ላይ ሂስ መስጠት ልማዳችን ነው። ናሙናው እንዴት ተመረጠ? ገንዘቡ ከየት መጣ? ውጤቱስ ለማን ይጠቅማል? ብለን እንጠይቃለን። ጥናቱ የሚቀርብበትን መድረክ ግን በዚሁ ዓይን ስንመረምረው አይታይም። ናሙናው የተዛባ ጥናት የተዛባ መደምደሚያ ላይ እንደሚደርስ ሁሉ፣ ተሳታፊው የተዛባ ጉባኤም የተዛባ የአቋም መግለጫ ያወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጥናቶቻችን የምናቀርባቸውን እነዚህን ጥያቄዎች ለጉባኤዎቻችን ማቅረብ ነው። ጸሐፊውም ከተወቃሾቹ አንዱ መሆኑን አስቀድሞ መግለጽ ተገቢ ይመስለኛል።

የአራት ደቂቃው ጥናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ አንድ ጉባኤ ላይ ከምሳ በፊት የነበረውን የጥናት ክፍለ ጊዜ የመምራት ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር። የክብር እንግዳው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው ደረሱ። የመክፈቻ ንግግሩ፣ ፎቶግራፉና የሻይ ዕረፍቱ እንደታቀደው ተከናወነ። የተቀነሰው የአቅራቢዎቹ ጊዜ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ተመድቦ የነበረው አሥር ደቂቃ ወደ አራት ደቂቃ ወረደ።

ከአቅራቢዎቹ መካከል ከሩቅ ወረዳ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው የመጡ አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ጥናታቸው በራሳቸውና በአጎራባች ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚቀመጥባቸውን ማቀዝቀዣዎች የሙቀት መጠን ለወራት በየዕለቱ የመዘገበ ነበር። አንባቢያን እንደሚያውቁት ይህ መድኃኒት ከወሊድ በኋላ የሚከሰተውን የደም መፍሰስ ለመከላከል ቀዳሚ ተመራጭ ሲሆን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሊቀመጥ ይገባዋል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ ብልቃጡ በመደርደሪያው ላይ ሞልቶ ሳለ በውስጡ ያለው መድኃኒት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። እኅታችን ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ሲደርሱ አራት ደቂቃው አለቀ። ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ በዚያው አዳራሽ ውስጥ በምሳ ሰዓት አንድ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ያዘጋጀው ንግግር ቀረበ። አርባ ደቂቃ ወሰደ። የተነገረለት መድኃኒት በጤና ጣቢያዎቻችን ቀርቶ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን የማይገኝ ነበር። ለዚህ ንግግር ደወል የደወለ ሰው አልነበረም። ወደ ማምሻው ላይ አዋላጇን በኮሪደሩ አግኝቼ ይቅርታ ስጠይቃቸው በትሕትና የመለሱልኝ ቃል እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። «ዶክተር፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለአበል አይደለም። ፍሪጁን የሚያስጠግን ሰው አገኝ ብዬ ነው» አሉኝ።

በዚያ ዕለት ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም እንደተለመደው ተከናወነ። ሂስ የሚያስፈልገውም በልማዱ ላይ ነው።

ማን ተጠራ?

የጉባኤ ቦታ መምረጥ የአዳራሽና የሆቴል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ ይታያል። ይሁን እንጂ ቦታው ማን እንደሚገባና ማን በደጅ እንደሚቀር አስቀድሞ ይወስናል። ለዚህ የዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ የውጭ አገር ዜጎች ወደ ግዛቷ እንዳይገቡ አገደች። እ.ኤ.አ. በ1990 ጉባኤው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲካሄድ በርካታ ድርጅቶች በዚሁ ምክንያት ሳይገኙ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 በቦስተን ሊካሄድ ታቅዶ የነበረውን ጉባኤም አዘጋጆቹ ወደ አምስተርዳም አዛወሩት። ጉባኤው ወደ አሜሪካ የተመለሰው እገዳው እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ከተነሣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በዋሽንግተን ከተማ ነው። አንድ ጉባኤ በሽተኛውን በደጅ አቁሞ ስለ በሽታው ሊመክር አይችልም የሚለው አቋም 22 ዓመታት ጸንቶ ቆይቷል ማለት ነው። ያም ሆኖ በዋሽንግተኑም ጉባኤ በሩ ለሁሉም አልተከፈተም። በሕጉ ምክንያት መግባት ያልቻሉ የወሲብ ንግድ ሠራተኞች በዚያው ሰሞን በሕንድ ኮልካታ የራሳቸውን መሰብሰቢያ አዘጋጅተው መክረዋል።

ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2000 ደርባን ላይ ሲካሄድ ደግሞ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናጋጅ ሆነች። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ከተናገሩት መካከል ከቫይረሱ ጋር የተወለደውና በተከታዩ ዓመት ያረፈው የ11 ዓመቱ ንኮሲ ጆንሰን ይገኝበት ነበር። በዚያን ወቅት ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው የአንድ ዓመት መድኃኒት ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ላይ የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ መድኃኒቱን በዓመት በ350 ዶላር ለማቅረብ ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ። ዋጋውን ያወረደው ጉባኤው ብቻውን ነው ማለት አይቻልም። የብዙ አገሮች ሕሙማን፣ ሐኪሞችና የሕግ ባለሙያዎች ትግል አለበት። ሆኖም መድኃኒቱ በሌለበት አህጉር፣ መድኃኒቱን ባጡት ሰዎች ፊት መሰብሰብ የውይይቱን ርእስ ወደ መድኃኒቱ ተደራሽነት እንደመለሰው የሚካድ አይደለም። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. መሆኑን የምናስታውስ ሁሉ የዚያን ርእስ ክብደት እንረዳለን።

ትምህርቱ ግን ቶሎ ይረሳል። ይኸው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 በሞንትሪያል ሲካሄድ ብዙ የአፍሪካ ተሳታፊዎች ቪዛ ተከልክለው ወይም መልስ ሳያገኙ ቀርተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ዋና ዳይሬክተር ዊኒ ቢያኒማ ሳይቀሩ በጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳይሳፈሩ ሊከለከሉ ተቃርበው እንደነበር ራሳቸው ገልጸዋል። የድርጅት መሪ እንዲህ ከሆኑ የወረዳ ነርስ እንዴት ይሆናሉ?

በውጭ አገሮች ቪዛ ላይ ቅሬታ ማቅረባችን ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ ራሳችን ስንት ያልተጻፈ ቪዛ እንጠይቃለን? የመመዝገቢያ ክፍያው፣ የአዲስ አበባ የሆቴል ዋጋ፣ ከመሥሪያ ቤት የሚገኘው ፈቃድ፣ የእንግሊዝኛው ቋንቋ እያንዳንዳቸው የበር ጠባቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማርተዋል። በጉባኤዎቻችን ላይ ስለ እነርሱ ብዙ ጥናት ይቀርባል። እስካየሁት ድረስ ግን እነርሱ የሚታዩት በስላይዱ ፎቶግራፍ ላይ እንጂ በአዳራሹ ወንበር ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ያሰማራ እንደነበር ይታወቃል። ይህን ቅርስ ይዘን ሳለ በየሙያችን ተከፋፍለን፣ በየአዳራሹ ለየብቻ መምከራችን ለራሳችን ታሪክ ባዕድ መሆን ነው።

አካል ጉዳተኛ ባልደረቦቻችንን በሚመለከትም ሁኔታው የሚያኮራ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ኮንቬንሽን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይህ ሁሉ ከሆነ ከዓመታት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ አንድ ባልደረባችን በሰው ሸክም ወደ መድረክ ሲወጡ አይቻለሁ። ታዳሚው በጭብጨባ ተቀበላቸው። ያስፈልጋቸው የነበረው ግን ጭብጨባ ሳይሆን መወጣጫ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ጉባኤዎቻችን ሊመሰገኑ ይገባል። የጾምና የፍስክ፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ማዕድ ለይቶ ማቅረብ በእኛ ዘንድ ማሳሰቢያ የማያሻው ወግ ነው። አዘጋጁ ማን ምን እንደሚበላና እንደማይበላ አስቀድሞ ያስባል። ታዲያ ለማዕዱ ያሰብነውን ያህል ለመድረኩ ብናስብ ምን ይከብደናል? የምታጠባ ሐኪም የምታርፍበት ክፍል፣ መስማት ለተሳነው ባለሙያ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ በእንግሊዝኛ ለመናገር ለሚቸገር የጤና ሠራተኛ በአማርኛ ወይም በሌላ አገርኛ ቋንቋ የሚቀርብበት ክፍለ ጊዜ ከዚያ የተለየ ደግነት አይጠይቁም።

ማን ከፈለ?

በባህላችን የበሉበትን ወጭት መስበር ትልቅ ነውር ነው። ይህ የጨዋነት መመሪያ በቤተ ዘመድ መካከል የሚደነቅ ነው። ጉዳት የሚሆነው ጋባዡ ዕቃ ሻጭ፣ ተጋባዡ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ጤናና ገንዘብ የሚወስን ሐኪም ሲሆን ነው። ውለታን የማይረሳው ጨዋነታችን ራሱ መግቢያ በር ይሆናል።

«ምሳ በልቼ ሐሳቤን የምለውጥ ሰው አይደለሁም» የሚሉ ባልደረቦች ብዙ ናቸው። ከልባቸው እንደሚናገሩ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ኩባንያዎች ሙሉ ወጪያቸውን ሸፍነው በመዝናኛ ሥፍራዎች ለተዘጋጁ ስብሰባዎች የወሰዷቸውን ሐኪሞች ተከታትሎ ነበር። አብዛኞቹ ግብዣው ውሳኔያቸውን እንደማይለውጠው አስቀድመው ተናግረዋል። ከጉዞው በኋላ ግን የተዋወቁት ሁለቱ መድኃኒቶች በሆስፒታላቸው የታዘዙበት መጠን በጉልህ ጨምሮ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና ከ279,000 በላይ የአሜሪካ ሐኪሞችን ያካተተ ሌላ ጥናት ደግሞ አማካይ ዋጋው ከ20 ዶላር በታች የሆነ አንድ ማዕድ እንኳ ጋባዡ ኩባንያ የሚያስተዋውቀውን መድኃኒት ይበልጥ ከማዘዝ ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይቷል። መያያዝ መንሥኤ መሆንን በራሱ እንደማያረጋግጥ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። ነገር ግን ይህንኑ ያህል ማስረጃ ስለ አንድ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ቢቀርብልን በዝምታ አናልፈውም ነበር።

ሌሎች ማኅበራት ከዚህ ትምህርት ወስደዋል። የእናት ጡት ወተት ተኪዎችን ግብይት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1981 ከጸደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለዓለም ጤና ጉባኤ የቀረበው መመሪያ የሕፃናት ምግብ አምራቾች የጤና ባለሙያዎችን ስብሰባ ስፖንሰር እንዳያደርጉ አሳስቧል። የእንግሊዝ የሕፃናት ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዱቄት ወተት አምራቾች የሚገኝ ገንዘብ መቀበሉን አቁሟል። የአውሮፓ የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ማኅበር ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2018 መጀመሪያ አንሥቶ አባል ኩባንያዎቹ ሌሎች በሚያዘጋጁት ጉባኤ ላይ እንዲገኝ ለአንድ ሐኪም በቀጥታ መክፈላቸውን አስቀርቶ፣ ድጋፉ በተቋም በኩል እንዲያልፍና ተሳታፊውን የሚመርጠው ተቋሙ እንዲሆን ደንግጓል።

«ያለ ስፖንሰር ጉባኤ አይካሄድም» የሚለው መከራከሪያ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም። ማኅበሮቻችን ድሆች ናቸው፤ የአባልነት መዋጮ አዳራሽ አይከራይም። የሐኪሙና የነርሷ ደመወዝም የታወቀ ነው። በመሆኑም አበል ፈላጊውን ተሳታፊ በቀልድ ማሸማቀቅ ፍትሐዊ አይደለም። ፈርሞ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ከሻይ በኋላ የሚጠፋው ባልደረባ ችግሩን አልፈጠረውም። የሚከፈለው ለተሳትፎው ሳይሆን ለፊርማው እንዲሆን የወሰነው አዘጋጁ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ገንዘብ እንቀበል ወይስ አንቀበል ብቻ ሳይሆን፣ የተቀበልነው ገንዘብ መርሐ ግብሩን ያዛል ወይስ አያዝም የሚል ነው። በእኔ ጉባኤ ላይ አርባ ደቂቃውንና አራት ደቂቃውን ያከፋፈለው የሳይንስ ኮሚቴው አልነበረም።

ምን ቀረ?

ቀጣይነት የሚለውን ቃል በየአቋም መግለጫው እናነበዋለን። ጉባኤው ራሱ ግን ሲበተን የሚተወውን እንመልከት። ለአንድ ቀን የተሰቀለ ባነር፣ ዚፑ በሳምንቱ የሚበጠስ ቦርሳ፣ ግማሹ ብቻ የተጠጣ የሃይላንድ ውኃ ፕላስቲክ ይቀራል። ከከተማዋ የሚሰበሰበው ቆሻሻ ለአሥርተ ዓመታት ሲከመርበት የኖረው ቆሼ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን መግደሉን አንርሳ። አደጋው የጉባኤ ፕላስቲክ ያመጣው ነው አልልም። ነገር ግን ስለ አካባቢ ጤና እየመከርን የምንጥለው ዕቃ የሚያርፈው በሰው ደጃፍ እንደሆነ ያ ሐዘን አስተምሮናል። ጀበናና ሲኒ፣ ጆግና ብርጭቆ ባለበት አገር ለሦስት መቶ ሰው ሦስት መቶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በቀን ሁለት ጊዜ መደርደር ግድ አይደለም።

ከፕላስቲኩ የሚበልጠው የጉዞው ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ በኮቪድ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት መካሄዱ ብዙ በረራ ሳይደረግ፣ ብዙ ቪዛ ሳይጠየቅ መወያየት እንደሚቻል አሳይቷል። ለእኛ ግን ይህ ሙሉ መፍትሔ አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበትና የኢንተርኔት ካርድ ከቀለብ ጋር በሚወዳደርበት ቦታ በቀጥታ የሚተላለፍ ጉባኤ ሌላ የተዘጋ በር ነው። ይልቁን ንግግሮቹን ቀድቶ በድምፅ ብቻ፣ በትንሽ መጠን፣ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ማዳረስ ለወረዳው ባለሙያ ይቀርበዋል። ጉባኤውንም በየዓመቱ በአንድ ከተማ ሆቴል ከማካሄድ በየክልሉ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች አዳራሽ፣ ተማሪዎች በሌሉበት ወቅት በመኝታ ክፍሎቻቸው ጭምር ተጠቅሞ ማዘዋወር ወጪንም ጉዞንም ይቀንሳል። ይህ ሲሆን ጉባኤው ለጋሽ ሲሄድ አብሮ የማይሞት ይሆናል።

ከሁሉም በላይ መቅረት ያለበት ግን ሥራ ነው። የአቋም መግለጫ በጭብጨባ ይጸድቃል፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ገንዘብ እንደሚፈጽመው ግን አይጻፍም። በሚቀጥለው ጉባኤ መክፈቻ ላይ ያለፈው ዓመት ውሳኔ ምን ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት ለማኅበሮቻችን የጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴዎች የሚከተለውን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከመቀመጫዎቹ የተወሰነው እጅ ከጤና ጣቢያና ከጤና ኬላ ለሚመጡ ባለሙያዎች ይመደብ፤ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪያቸውም ከጋራ ቋት ይሸፈን። ሁለተኛ፣ ስፖንሰሮች የሚሰጡት ገንዘብ በሙሉ ወደዚሁ ቋት ይግባ፤ ተናጋሪንም ርእስንም የመምረጥ ሥልጣን የሳይንስ ኮሚቴው ብቻ ይሁን፤ የምርት ማስተዋወቂያም ከአዳራሹ ውጭ በተለየ ሥፍራ ይካሄድ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተናጋሪ የገንዘብ ግንኙነቱን በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ይግለጽ፤ የጉባኤው ገቢና ወጪም ለአባላት ይታተም። አራተኛ፣ አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ባልደረባ ከበሩ እስከ መድረኩ፣ ከመድረኩም እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለሰው እርዳታ መድረሱ ይረጋገጥ። አምስተኛ፣ የአቅራቢዎች ጊዜ በማንም መዘግየት ምክንያት አይቀነስ፤ የዘገየ እንግዳ ከራሱ ንግግር ይቀነስለት። ስድስተኛ፣ የእያንዳንዱ ጉባኤ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያለፈው ጉባኤ ውሳኔዎች አፈጻጸም ሪፖርት ይሁን።

ከእነዚህ መካከል ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቁት ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ልማድን መተው ነው፤ ይህ ደግሞ ከገንዘብ ይከብድ ይሆናል። ለክብር እንግዳ «ሰዓትዎ አልቋል» ማለት ለአዋላጅ ነርስ ከማለት እንደሚከብድ ከራሴ አውቄዋለሁ።

የእኅታችን ጥናት የዚያ ጉባኤ ምርጥ ጥናት ነበር ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። መናገር የማልችለውም ዋናውን ሠንጠረዥ እንዳላየው ራሴ ደወል ስለደወልኩ ነው። በየጤና ጣቢያው የምትወልድ እናት ደም ሲፈስሳት የሚወጋት መድኃኒት ኃይሉን የጠበቀ ይሁን ወይም ያልጠበቀ፣ ያን ዕለት በአዳራሹ የነበርን ሁሉ ለማወቅ አራት ደቂቃ ብቻ ነበረን፤ እርሱንም አልተጠቀምንበትም። በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ደወሉን የሚይዝ ባልደረባ ሁሉ ከመደወሉ በፊት ይህን እንዲያስብ በማክበር እጠይቃለሁ።